ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ፦ በቦንጋ ገጠር ላሉ እናት የተጻፈ መጽናኛ

ለተወደዱ እናቴ፣

 

ይህን ደብዳቤ የሚያነብልዎ የልጅ ልጅዎ ነው። እኔ በአማርኛ ጽፌዋለሁ፤ እሱ በካፊ ኖኖ እየመለሰ ያሰማዎታል። አንተም ልጄ፣ ቀስ ብለህ አንብብ። አያትህ ሲያለቅሱ አቁም፤ እንባቸውን ሲጠርጉ ካቆምክበት ቀጥል። የሚያስቸኩል ነገር አልጻፍኩም።

እናቴ፣ ባለቤትዎን አባባን የቀበርን ዕለት አጠገብዎ ነበርኩ። ሦስቱንም ቀን ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጫለሁ። ያኔ ብዙ ቃል አልወጣኝም። ከዚያ ወዲህ አገልግሎት ወደ ጌሻ ወስዶኝ ከእርስዎ ራቅኩ፤ ማታ ማታ ስጸልይ ግን ቤታችሁ ይታየኛል። ድንኳኑ ፈርሷል። የዕድሩ ድስትና ወንበር ተመልሷል። ከሚዛንና ከጅማ የመጣው ዘመድ ወደየቤቱ ገብቷል። ጎረቤቱም ቡናው ስለቀላበት ከማለዳ ጀምሮ ማሳው ውስጥ ነው። ሰው ሞልቶ ሳለ ሐዘን በር ላይ ይቆማል፤ ሰው ሲወጣ ነው ገብቶ የሚቀመጠው። ጠዋት ተነሥተው እንደለመዱት ለሁለት ሰው የሚሆን ቡና ሊቆሉ ይጀምራሉ፤ ሁለተኛው ሰው እንደሌለ ትዝ የሚልዎት እጅዎ ምጣዱ ላይ እያለ ነው፤ ያኔ ይተዉታል። ይህን ስላሰብኩ ነው በቀብሩ ሰሞን ሳይሆን ዛሬ የጻፍኩልዎ።

አያልቅሱ አልልዎትም። እንዲህ ማለት ስህተት እንደሆነ ያስተማሩኝ አባባ ናቸው።

ወደ መንደራችሁ በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት ነበር። አንዲት ወጣት እናት ሕፃን ልጇ ሞተባትና ቀብሩ ላይ ቃል እንድናገር ተጠየቅኩ። ገና ወጣት ነበርኩ፤ ከመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ከወጣሁ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ቆሜ፣ አማኝ ሰው በሞት ፊት ማልቀስ እንደሌለበት በኃይል ሰበክኩ። ልጅቷ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ለቅሶዋን ዋጠችው። እኔም እምነቷ የበረታ መስሎኝ ደስ አለኝ። ማታ ወደ ቤታችሁ ስንመለስ አባባ መንገዱ ላይ ቆም አሉና፣ ጌታ አልዓዛር መቃብር ዘንድ ሲደርስ ምን አደረገ ብለው ጠየቁኝ። አለቀሰ አልኳቸው። ሊያስነሣው እንደመጣ እያወቀ አይደለም እንዴ አሉኝ። አዎ አልኩ። ከዚያ በላይ አንድም ቃል አልጨመሩም፤ እንቅልፍ ግን ነሡኝ። በማግሥቱ ወደዚያች እናት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳት። እሷም ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

ስለዚህ እርስዎም ያልቅሱ እናቴ። ጌታችን የሚሆነውን እያወቀ ያለቀሰው፣ የወዳጅ ሞት እሱንም ስለሚያመው ነው። እንባዎ የእምነት ማነስ አይደለም። አባባን ምን ያህል ዘመን እንደወደዷቸው ነው የሚናገረው።

ሐዋርያው ጳውሎስ በተሰሎንቄ ወንጌልን ሰብኮ ብዙ ሳይቆይ በስደት ወጣ። የተዋቸው አማኞች ገና ጀማሪዎች ነበሩ፤ እሱም እንደልቡ ተመልሶ ሊያያቸው አልቻለም። በመካከሉ ሰው ሞተባቸው። የሞቱብን ወገኖች ከጌታ መምጣት ይቀሩብን ይሆን ብለው ልባቸው ተጨነቀ። ጳውሎስም በአካል ሊደርስላቸው ስላልቻለ በደብዳቤ ደረሰላቸው። በአንደኛው የተሰሎንቄ መልእክት ምዕራፍ 4 ላይ የምናነበው ይኸው ነው። ሐዘናቸው ተስፋ እንደሌለው ሰው ሐዘን እንዳይሆን መከራቸው እንጂ ጭራሽ ሐዘን አይግባችሁ አላላቸውም። በክርስቶስ ያንቀላፉት እንደማይቀሩ፣ እንዲያውም ቀድመው እንደሚነሡ ነገራቸው። ከዚያም እርስ በርስ በዚሁ እንዲጽናኑ አደራ አላቸው። እኔም ከጌሻ ተራራ ላይ ሆኜ ስጽፍልዎ ከዚህ የሚበልጥ ቃል የለኝም። አባባ አልቀሩም። ቀድመውናል።

ሰዎች አባባን ሲያነሡ ቤታቸውን ለጸሎት የሰጡ ሰው ይሏቸዋል። እውነት ነው። እኔ ግን ከሁሉ በፊት ትዝ የምትለኝ አንዲት ስኒ ናት።

ከወላይታ ኦሞን ተሻግሬ ስመጣ ስለ ካፋ የማውቀው ቡናውን ብቻ ነበር። ዓለም የሚጠጣው የአረቢካ ቡና መነሻው የእኛው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ ነው። የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ የውጭ አገር ሰው ባሕር ተሻግሮ ሊያየው ይመጣል። መንደራችሁ ገብቼ ስቀመጥ ግን አንድ ነገር ልቤን ሰበረው። ባሕር ማዶ ለማያውቀው ሰው የሚደርሰው ቡና፣ አጥር ማዶ ላለው ጎረቤት አይደርስም ነበር። ማንጆ ተብለው ይገለሉ የነበሩት ወገኖቻችን እንጨትና ከሰል ተሸክመው መጥተው ሸጠው ይመለሳሉ እንጂ ደጃፍ አልፈው አይገቡም ነበር። የሚበሉት ነገር ቢሰጣቸው እንኳ በኮባ ቅጠል ላይ፣ ከውጭ ነበር። ዕቃ አይነኩም፤ ከሌላው ጋር አንድ ማዕድ አይቀርቡም ነበር።

አባባ ወንጌልን ተቀብለው ገና በዓመታቸው፣ አንድ ዝናባማ ጠዋት ከሰል ሊሸጥ የመጣውን ጎረቤት ግባ አሉት። ሰውዬው የሰማውን አላመነም፤ ከጣሪያው ጠብታ ሥር ቆሞ ቀረ። አባባ ወጥተው እጁን ይዘው አስገቡት፣ ምድጃው አጠገብ በራሳቸው በርጩማ ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ወደ እርስዎ ዞረው አዩ። እኔም አየሁዎት። እናቴ፣ የዚያን ጊዜው ዝምታ ዛሬም ይሰማኛል። ካደጉበት ልማድ ጋር ብቻዎን ሲታገሉ ነበር። ከዚያ ረከቦቱ ላይ አባባ ሁልጊዜ የሚጠጡባትን ስኒ አንሥተው ቀዱለት። ሰውዬው ጠጥቶ ሲመልስላችሁ አባባ በዚያችው ስኒ ይቀዳልኝ አሉ፤ ጠጡም።

ለወራት ሰው ከቤታችሁ ቀረ። ዘመድ ቡና አልጠጣላችሁም አለ። በገበያ ቀን ሰላምታ የሚነፍጓችሁ ነበሩ። ያን ሁሉ ችላችሁ አሳለፋችሁት። እኔ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ ቤተ ክርስቲያን የሚተከለው በስብከት ይመስለኝ ነበር። ስንት የስብከት ርዕስ ጽፌ፣ ስንት የደቀ መዝሙር ትምህርት አዘጋጅቼ ነበር የመጣሁት! የዚያን መንደር ቤተ ክርስቲያን የተከለቻት ግን በእርስዎ እጅ የተቀዳች ስኒ ናት። ስለ ኢየሱስ የነገርኳቸውን ሁሉ ሰዎቹ ያመኑት የእናንተን ቤት ካዩ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ትዝታዬ መቃብሩ ነው። በእነዚያ ዓመታት ከኅብረታችን አንድ ወንድም ሲሞት መቀበሪያ አጣን። ማንንም ለመውቀስ አላነሣውም፤ ያ ዘመን አልፏል፤ ያኔ ፊታቸውን ያዞሩብን ሰዎችም ዛሬ ወዳጆቻችን ናቸው። ሬሳው ቤት ውስጥ ተቀምጦ እኛ ስንጨነቅ አባባ አካፋቸውን አንሥተው ከቡናቸው ዳር፣ ከትልቁ ዋንዛ ሥር ገመድ ጥለው ለኩ። ያችን መሬት ለልጆቻቸው ሊያወርሷት ይችሉ ነበር። ማንም ይሁን ማን፣ ከየትኛውም ወገን ይሁን፣ ቦታ ያጣ ሁሉ እዚህ ይቀበር አሉ።

አብርሃም ምድሪቱን በሙሉ በተስፋ የተቀበለ ሰው ነበር። ሣራ ስትሞት ግን የሚቀብርበት መሬት አልነበረውም። የእምነት አባት የምንለው እሱ አስቀድሞ አለቀሰላት፤ ከዚያ ተነሥቶ ከኬጢ ሰዎች ዋሻ ያለበትን እርሻ በ400 ሰቅል ብር ገዛ። ከተስፋው ምድር በእጁ የገባችው የመጀመሪያዋ መሬት መቃብር ነበረች። ይህን ታሪክ ሳነብ ድሮ ያሳዝነኝ ነበር። አሁን ግን የአባባን ገመድ እያሰብኩ ነው የማነበው። ሰው በአንድ አገር ሙታኑን ከቀበረ ተስፋውንም እዚያው ተክሏል ማለት ነው። አባባ ራሳቸው ዛሬ ከዚያ ዋንዛ ሥር፣ አንድ ስኒ ከተጋሩት ወንድማቸው አጠገብ ተኝተዋል። በትንሣኤ ቀን ጎን ለጎን ይነሣሉ።

ቀብሩ ላይ ያዩት እንደሆነ አላውቅም፤ እንባ ዓይንዎን ጋርዶት ነበርና ልንገርዎ። ቃሬዛውን የተሸከሙት በፈረቃ ነው። በመጀመሪያ የወንድሞቻቸው ልጆች ያዙ፤ ቀጥሎ ማንጆ ተብለው ይገለሉ የነበሩ ሰዎች ልጆች ትከሻቸውን ሰጡ። ከኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመጡ ሽማግሌዎች መንገዱን እየመሩ ሄዱ። ሙስሊም ጎረቤቶቻችሁም ጉድጓዱን ሲቆፍሩ አደሩ። ድሮ በአንድ ስኒ ለመጠጣት የተጸየፉት ሰዎች በአንድ ቃሬዛ ሥር ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ሄዱ። አባባ በሕይወታቸው የሰበኩትን ነገር ሬሳቸው እንኳ ሲሰብክ ዋለ።

እናቴ፣ አንድ ጊዜ ጓሮዎ ውስጥ እንሰት ሲያባዙ አገኘሁዎት። ግንዱን ቆርጠው ጣሉት፤ ከሥር ያለውን አሚቾ እምብርቱን ቦርቡረው አወጡና ፍግና አፈር አልብሰው ቀበሩት። ልጅ ሆኜ እናቴም እንዲሁ ስታደርግ አይቻለሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር። እምብርቱ ካልወጣ የሚበቅለው አንድ ብቻ ነው፤ ሲወጣ ግን ዙሪያውን ብዙ ያበቅላል ብለው አስተማሩኝ። ከወራት በኋላ ስመለስ ከዚያች አንዲት ጉድጓድ ከ50 በላይ ችግኝ ተኮልኩሎ አየሁ።

ያኔ የአባቶቼን ታሪክ ነበር ያሰብኩት። ወላይታ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ አማኞች የተጠመቁት በ1926 ዓ.ም. ነው። ጣሊያን አገሪቱን ወርሮ በ1929 ዓ.ም. ወንጌልን ያመጡላቸው ሚስዮናውያን ለቀው እንዲወጡ ሲደረግ የተጠመቁት ሰዎች 50 አይሞሉም ነበር። ሲሰናበቱ ያለቀ የደቀቀ ነገር ነበር የሚመስለው። እንደ ዋንዳሮ ያሉት መሪዎች ታሰሩ፣ ተገረፉ። ከጦርነቱ በኋላ ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ ግን ወደ 10,000 የሚጠጉ አማኞች ጠበቋቸው። ለታሰሩት ስንቅ እያደረሱ፣ ለደከሙት እያረሱላቸው፣ የተራበውን እያበሉ ነበር የበዙት። ከእነሱም መካከል ኦሞን እየተሻገሩ ወደ ጎረቤት ሕዝቦች የወጡ ወንጌላውያን ተነሡ። ብዙዎቹ ከሄዱበት አልተመለሱም፤ ወባ የቀበራቸው አሉ፣ ሰው እጅ የወደቁም አሉ። እኔ ደጃችሁ የደረስኩት እነሱ በጠረጉት መንገድ ነው።

እዚህ ላይ ግን ቃሌን በጥንቃቄ ይስሙልኝ። እግዚአብሔር አባባን የወሰደው ችግኝ እንዲበዛ ነው አልልዎትም። ለእኛ ጥቅም ብሎ የእርስዎን ልብ የሚቦረቡር አምላክ አላውቅም። ለምን በዚህ ዓመት፣ ለምን በዚያ ሕመም ብለው ቢጠይቁኝ መልስ የለኝም፤ መልስ አለኝ የሚል ሰው ቢመጣም በትሕትና ያሰናብቱት። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አጠገቡ መሬት ላይ ዝም ብለው ሲቀመጡ ጥሩ አጽናኞች ነበሩ። የበደሉት አፋቸውን ከፍተው ምክንያት መቁጠር ሲጀምሩ ነው።

ምክንያቱን አላውቅም፤ ፍሬውን ግን አይቻለሁ። በእናንተ ምድጃ ዙሪያ ከተጀመረው ኅብረት ዛሬ በሦስት መንደር ጸሎት አለ። ሦስቱንም የሚመሩት አባባ ሲኮተኩቱ አጠገባቸው እየኮተኮቱ፣ ሲጸልዩ አጠገባቸው እየጸለዩ ያደጉ ልጆች ናቸው። አንዳቸውም የደቀ መዝሙር ደብተር ይዞ አልተማረም። አባባ ቡና ሲሸጡ ሚዛን ሲያስተካክሉ አይተዋል፤ ከሚስታቸው ጋር ሲነጋገሩ ድምፃቸውን ሰምተዋል፤ የበደላቸውን ሰው ደጅ ድረስ ሄደው ሲታረቁት ተከትለዋቸዋል። በጌሻ አሁን የማስተምራቸው ወጣቶች አባባን በዓይናቸው አላዩም፤ ስለ ስኒዋ ግን ሁሉም ያውቃሉ።

ሌሊቱ ሲረዝምብዎት አንዲት እናት ያስቡ። ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ የቄስ ጉዲና ቱምሳ ባለቤት ነበሩ። ቄስ ጉዲና የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ሳሉ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ታፍነው ተወሰዱ። ወይዘሮ ፀሐይም በኋላ ታስረው ወደ 10 ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ወህኒ ቤት አሳለፉ። የባላቸው አስከሬን የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ሄደው የሚያለቅሱበት መቃብር አልነበራቸውም። ሐዘንዎን ከእሳቸው ሐዘን ጋር ለማወዳደር አይደለም፤ ሐዘን በሚዛን አይለካም። ይህን መንገድ በእምነት የሄዱ እናቶች ከፊትዎ እንዳሉ እንዲያውቁ ነው። እነሱን የደገፈ አምላክ እርስዎንም ይደግፋል።

አሁን እንደ ልጅ ጥቂት ነገር ልለምንዎ።

ምግብ አይተዉ። ቆጮው ባይጣፍጥዎትም ትንሽ ይቅመሱ፤ መድኃኒትዎንም በሰዓቱ ይዋጡ። ሐዘን ጾም አይደለም። ነቢዩ ኤልያስ ተስፋ ቆርጦ ሞቱን በለመነ ጊዜ መልአኩ አስቀድሞ ስብከት አላመጣለትም፤ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ እሱም በልቶ ጠጥቶ ደግሞ ተኛ።

የቡናው ለቀማ አያስጨንቅዎ። ከሦስቱም መንደር ወጣቶቹ ቅዳሜ ቅዳሜ መጥተው ሊለቅሙልዎ ተነጋግረናል። እርስዎ በሰው ጉልበት ላይ መሆን እንደማይወዱ አውቃለሁ፤ አባባም አይወዱም ነበር። ይሁንና ያገለገሏቸውን ልጆች የማገልገል በረከት አይንፈጓቸው። እሸቱን ለመጀመሪያው ነጋዴ በችኮላ አይስጡ፤ አልጋው ላይ ይድረቅ፣ ጀንፈሉን ተረጋግተው ይሸጣሉ። የመሬትና የንብረት ጉዳይ ቢነሣም ዛሬ ምንም አይፈርሙ። ልብዎ እስኪረጋ ይቆይ፤ ሽማግሌዎችም አብረውዎት ይቀመጡ።

ስለ እሑዱ ጸሎትም ምርጫው የእርስዎ ነው። የሰው ድምፅ ካደከመዎት ለጊዜው በሌላ ቤት ይሁን፤ ማንም ቅር አይለውም። ቤቱ ሞልቶ ማየት የሚያጽናናዎ ከሆነ ደግሞ እንመጣለን። አባባን በስማቸው ይጥሯቸው፤ ታሪካቸውን ይናገሩ፤ ልጆቹም ይስሙ። ሰው ሐዘንተኛውን ላለማሳዘን ብሎ የሟቹን ስም ሲሸሽ ሐዘንተኛው ሁለት ጊዜ ያጣዋል።

የአባቶቻችን አምላክ፣ የባልቴቶች ዳኛ የሆነው እሱ በምድጃዎ አጠገብ ይቀመጥ። ሌሊትዎን ያሳጥርልዎ። አባባን በተቀበለበት እጁ እርስዎንም ይያዝ። አሜን።

በሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ከጌሻ ወርጄ ቦንጋ አድራለሁ፤ ዓርብ ጠዋት ከቤትዎ እደርሳለሁ። ለመስበክ አልመጣም፤ ቡና ልጠጣ ነው የምመጣው። ጀበናው ከቀብሩ ወዲህ እንዳልተጣደ ሰምቻለሁ። እስካሁን አልሆንልዎ ብሎ ከሆነ አልፈርድም፤ ዓርብ ግን አብረን እንጣደው። አቦሉንም ቶናውንም በረካውንም እንጠጣ። ከሰል ይዞ ይመጣ የነበረውን የዚያን ሰው ልጅ ጠርቼዋለሁ፤ እሱም ይመጣል። የአባባን ስኒ ከረከቦቱ ላይ አያንሷት፣ ጠቅልለውም አያስቀምጧት። ለእሱ ይቅዱለት።

አንተም ልጄ፣ አንብበህ ጨርሰሃል። ዓርብ በአባባ በርጩማ ላይ የምትቀመጠው አንተ ነህ፤ ጎረቤቶቹን እየዞርክ ቡና ጠጡ ብለህ የምትጠራውም አንተ። አሁን ወረቀቱን እጠፈውና የአያትህን እጅ ያዝ።

በጸሎትና በፍቅር፣
ከኦሞ ማዶ መጥቶ በቤትዎ ልጅ የሆነው
ወንጌላዊው ልጅዎ